እንባው ያመለጠው ሬሳ

መሞት ቀላል ነው የሚላችሁ ሰው ሞቶ አያውቅም ማለት ነው! እኔ ግን ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ እዚሁ ፒያሳ፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት ሞቼ አይቼዋለሁ… አይመከርም!

ጓደኛዬ ጌቱ የቲያትር አዘጋጅ ነው። ሬሳ ሆኖ የሚተኛው ተዋናይ ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ አረፈደና፣ ጌቱ እያለከለከ እኔ ቤት መጣ።

«ምንም አትናገርም፤ ትተኛለህ፣ በቃ!»

«እሱንማ ቢሮም እሠራዋለሁ» አልኩት።

ቲያትሩ አንጀት የሚበላ ነው። ንጉሡ «አገር የከዳ ይሙት!» ብሎ ምሎ ሲያበቃ፣ ከሃዲው የገዛ ልጁ ሆኖ ይገኛል። መሐላውን ቢያፈርስ አገር ይታዘበዋል፤ ቢጠብቅ ልጁን ይገድላል። እናንተ ብትሆኑስ? እሱ መሐላውን መረጠ፤ እኔም እስከ አንገቴ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኜ መድረክ ላይ ተጋደምኩላችሁ።

ንግሥቲቱ መጥታ ደረቴ ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ ጡቴን ያጠባሁህ ለዚህ ቀን ነው?» ስትል እንባዋ ጠብ… ጠብ… ጉንጬ ላይ። ንጉሡም ድምፁ እየተቆራረጠ «እኔም አባት ነኝ እኮ!» አለ። ወገኖቼ፣ ሆዴ ባባ! የሚያለቅሱት እኮ ለእኔ ነው! የወለደችኝ እናቴ እንኳ እንዲህ አልቅሳልኝ አታውቅም። አላስቻለኝም… ስቅ ስቅ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ዝም በል፣ አንተ ሬሳ!» አለችኝ ንግሥቲቱ ጥርሷን ነክሳ።

ማን ሊሰማት! ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ አሉ።

«ኧረ ልጁ ነፍስ አለው! ኧረ አንሱት!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። «ማረው! ማረው!» እያለ ሰው ሁሉ ቆመ። ከመጋረጃው ጥግ ጌቱ እጁን አንገቱ ላይ እንደ ቢላ እያመላለሰ «ድገመው! ድገመው!» ይላል። ምስኪን ንጉሥ! አንዴ ጌቱን፣ አንዴ ሕዝቡን፣ አንዴ እኔን አየ። ላቡ በዘውዱ ስር ወረደ። በመጨረሻ ሰይፉን ወርውሮ አቀፈኝና «ምሬሃለሁ፣ ልጄ!» አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ግርግሩን ተገን አድርጎ በጆሮዬ «ውጭ እንገናኛለን!» አለኝ።

በጓሮ በር ሾልኬ ቸርችል ጎዳና ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ እኚያ እናት አዩኝ። አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኝተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ አባትህ መማሩን ምሯል… ግን ለጊዜው እዚያ ቤት አትደር!»