ድምፁ ጋሪ ነው

ሰው ማመስገን ለምን እንደሚያሳፍረን አይገባኝም። ስድቡንማ ፊት ለፊት፣ ያውም ጎረቤት እየሰማ ነው የምናወርደው። ምስጋና ሲሆን ግን ባለቤቱ ዞር እስኪል እንጠብቃለን፤ «እሱኮ ወርቅ ነው» የምንለው ወርቁ ከበር ከወጣ በኋላ ነው። እናንተም ያው ናችሁ፣ አትሸፋፍኑ።

ይህን ያናገረኝ ባለፈው እሑድ ከሰዓት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ያየሁት ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ስለ ካፖርት ባንድ የተሠራ። ካፖርት ባንድን የማታውቁ ከሆነ ከጅማ እስከ ሊሙ ገነት ሠርግ ተጠርታችሁ አታውቁም ማለት ነው። ሰዎቹ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ እንኳ፣ የዝናብ ካፖርት ለብሰው ነው የሚጫወቱት። ለምን ሲባሉ «ጅማ አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ሙሽሮቹ ሊጨፍሩ ሲነሡ ደግሞ ሙዚቃውን አቁመው ምሳቸውን ይበላሉ። ያም ሆኖ ሌላ ባንድ የሚጠራ የለም። ከበሮ መቺው ስለ ካፖርቱ ቁልፎች አሰፋፍ እንደ ትልቅ የሙዚቃ ምሥጢር ሲያብራራማ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

ዘፋኙ ጋሽ ወልዴና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋሽ ነዚፍ ከፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ቆመው ጆሯቸው ደክሟል፤ ፊልሙን የሚከታተሉት ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበቡ ነው።

በፊልሙ ላይ ጋሽ ነዚፍ ስለ ጓደኛቸው ተጠየቁ። እንደ ሁላችንም በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ጨረሱት፦ «የወልዴ ነገርማ... ሰገሌን ኢሳ ጋሪዳ።» ድምፁ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው የአዲስ አበባ ሰው «ሰገሌ» ድምፅ መሆኑን ጠይቆ ደርሶበታል። ጋሪን ግን ምን ብሎ ይጠይቅ? ጋሪ ጋሪ ነዋ! «ድምፁ ጋሪ ነው» ብሎ ጻፈው። ምነው ባጃጅ እንኳ ቢላቸው!

ካፌው አውካካ። ጋሽ ወልዴ ብቻ አልሳቁም። ብድግ ብለው ካፖርታቸውን ቆለፉና «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ!» አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። እኔም ደነገጥኩ፤ እኒህ ሰው ከሄዱ ባንዱ አለቀለት።

ጋሽ ነዚፍ ክንዳቸውን ለቀም አደረጉ። «አንተ ሰውዬ፣ ጥሩ ነው ነው ያልኩት! በኦሮምኛ! ጋሪ!»

«ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ጥሩ ነው ብለኸኝ ታውቃለህ?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ጋሪ ነው ብሏል ቢሉኝ ለምን አላምንም?»

ጋሽ ነዚፍ ግራ ቀኝ ቢያዩ ሰው ሁሉ እሳቸውን ነው የሚያየው። ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ ወደ ጓደኛቸው ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ወላሂ፣ እንዳንተ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም!» ብለው ጮኹ። መንደራ ቆጪ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ጋሽ ወልዴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው በርቷል። መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደገፍ አድርገው፣

«አልሰማሁህም» አሉ፤ «እስኪ ድገመው።»