ስታመን ወደ ሾርባው ሲወርድ

በየትኛውም ቤተሰብ ውስጥ መዋሸት የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ከሩቅ ሲያዩት ያስከብራል፤ አብረውት ሲኖሩ ግን አንጀት ያሳርራል። በቡልጋሪያ የፕሎቭዲቭ ከተማ ነዋሪዋ ዝላትካ እንዲህ ያለውን ሰው አግብታ፣ ልጆች ድራ፣ ፀጉሯ ሸብቷል።

ባሏ ስታመን የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። የሚስቱ አክስት "ቀሚሱ እንዴት ሆነልኝ?" ብትለው "ጀርባሽ ላይ ተወጥሯል" ይላል። ቀብር ላይ ስለ ሟቹ አንድ መልካም ቃል እንዲናገር ቢለመን "ለውሻው ደግ ነበር" ብሎ ተቀመጠ። ሲቆጡት መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ "ታዲያ ለምን ጠየቃችሁኝ?"

በብርዱ ወራት መሥሪያ ቤቱ የአንድ ወተት ማቀነባበሪያ ማቀዝቀዣዎችን እንዲጠግን ሩቅ ወዳለችው ቪዲን ከተማ ላከው። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ጨርሶ፣ ታጥቦ፣ ካረፈበት ሆቴል ክፍል ለራት ሾርባ ሊበላ ሲወርድ አምፖሉ በተቃጠለ ደረጃ ላይ ተንከባለለ። የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ሐኪሞች ብረት አስገብተው ጠገኑት፤ መሰላል መውጣት ግን ለረጅም ጊዜ ከለከሉት። መሥሪያ ቤቱም "ከሥራ ሰዓት ውጪ የደረሰ ጉዳት እኛን አይመለከትም" አለ። የሥራ ላይ ጉዳት ካልተባለ ካሳ የለም፤ በክራንች የሚሄድ ጠጋኝ ደግሞ ማን ይቀጥራል?

የዝላትካ ወንድም ዶብሪ ሊመክር መጣ። ዶብሪ ዕድሜውን ሙሉ ለትራፊክ ፖሊስ እውነት ተናግሮ አያውቅም።

"ስማ አማቼ፣ የመፍቻ ሳጥኑን ይዤ ስወርድ ነው በል። በቃ።"

"ሳጥኑ መኪና ውስጥ ነበር።"

"መኪናው ይመሰክርብሃል?"

"እኔ እመሰክራለሁ።"

"እሺ፣ ከአለቃዬ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር በል።"

"እያፏጨሁ ነበር።"

ዶብሪ ወደ እህቱ ዞረ። "ይሄን ሰውዬ እንዴት ቻልሽው?"

ጉዳዩ በካሳ ኮሚቴ ፊት በሚታይበት ዕለት ዝላትካ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈችለት ለመነችው። "አትዋሽ፣ እሺ። ግን ስለ ሾርባው አታንሳ።"

"ካልጠየቁኝ አላነሳም።"

የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነችው ሴት የመጀመሪያ ጥያቄ "ወዴት ሲሄዱ ነው የወደቁት?" የሚል ሆነ።

"የጨጓራ ሾርባ ልበላ።"

የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ፈገግ አለ። "ስለዚህ ሥራ ላይ አልነበሩም።"

"ማቀዝቀዣ እየጠገንኩ አልነበረም።"

"መጠጥ ቀምሰው ነበር?"

"ገና አልቀመስኩም። ልቀምስ ግን አስቤ ነበር።"

ዝላትካ ዓይኗን ጨፈነች። ሰብሳቢዋ ግን ስታመንን ትኩር ብላ አየችው። "ቪዲን ለምን ሄዱ?"

"ስለላኩኝ ነዋ። ቪዲንን እኔ አልወደውም። ባይልኩኝ ያን ምሽት ቤቴ ነበርኩ፤ የእኛ ቤት ደረጃ የለውም። በማግስቱ ደግሞ ሥራ ስላለብኝ ሳልበላ ማደር አልችልም። ደረጃው ጨለማ ነበር፤ እኔም ቀስ ብዬ አልወረድኩም፤ ርቦኝ ነበር።"

ሰብሳቢዋ ወደ ጠበቃው ዞረች። "እናንተ የላካችሁት ሰው ራቱን የት እንዲበላ ነበር የፈለጋችሁት?"

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ።

ውሳኔው ሲመጣ ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት ተባለ፤ ካሳውም ተፈቀደ። እስኪያገግም ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ እንዲሰጠውም መሥሪያ ቤቱ ተስማማ። ዶብሪ ነገሩን እስከ ዛሬ አላመነም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ግን ኮሪደር ላይ ለዝላትካ ነገራት፦ "ራሱን እንዲህ የማይምር ሰው ስለ ጨለማው ደረጃ ሲናገር እንዴት አንቀበለው?"

ወደ ቤት ሲመለሱ ስታመን ደከመውና መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዝላትካ ሳታስበው አንድ ጥያቄ አመለጣት።

"ደረጃው ሥር ወድቀህ ሳለ ምን አሰብክ?"

ወዲያው ቆጫት። ስታመን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

"ሱሪዬ መቀደዱን" አላት። "አንቺ ትዝ ያልሽኝ ቆይቶ ነው፤ አምቡላንስ ውስጥ።" ክራንቹን አግዳሚው ላይ አስደገፈ። "ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ዳግመኛ ባላይሽስ ብዬ ፈራሁ።"

የዝላትካ ጎረቤቶች ከባሎቻቸው ከዚህ የጣፈጠ ቃል ሰምተዋል። እሷ ግን የሰማችውን ለመጠርጠር ምክንያት አልነበራትም።