ትጉሁ በሽተኛ

ሐዋሳ ውስጥ ሰነፍ በሽተኛ ሞልቷል፤ ትጉህ በሽተኛ ግን ገጥሟችሁ ያውቃል? የቢሯችን ጋሽ ማቴዎስ የመሥሪያ ቤት ኳስ ሲጫወቱ የግራ ጉልበታቸው ጅማት ተጎዳ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ላስቲክ ሰጥታ፣ «እግርዎ ላይ አስረው በየቀኑ ይለጥጡት» አለቻቸው።

እኛ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ እሳቸው ቤታቸው ይለጥጣሉ። ስብሰባ ላይ እንኳ ከጠረጴዛ ሥር ይለጥጣሉ!

ከስድስት ሳምንት በኋላ ባለሙያዋ ጉልበታቸውን ዳሰሰችና፣ «ጋሼ፣ እውነት ሠርተዋል?» አለች።

«አንድ ቀን አልዘለልኩም!»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ላስቲኩን ቀኝ እግራቸው ላይ አጥልቀው እንደ ጎረምሳ ለጠጡት።

«ጋሼ፣ የተጎዳው ግራው ነው እኮ!»

«ግራውማ ያመኛል፣ ልጄ!»

እኔ ግን አልስቅባቸውም። ትናንት ግምገማ ላይ «ድክመትህን ተናገር» ስባል፣ «ሥራ አበዛለሁ» ብያለሁ።