ሜትሩን የበላው ቁጥር

ሰው ቁጥር ሲነገረው ለምን ልቡ እንደሚረጋ አይገባኝም። «ስንት?» ብለን ጠይቀን «ሦስት» ከተባልን አመስግነን እንሄዳለን። ሦስት ምን? ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ ይባላል። ሀርጌሳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን ነገረኛ ካልሆንን መኖር አንችልም። ቢሮ ውስጥ «ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ» ሲባል፣ በእኛ ነው በፈረንጅ? ማለት የግድ ነው። ይህን ያልጠየቀ አንድ ወዳጄ ከስብሰባው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ከዘበኛው ጋር ቁርስ በልቷል። እኔ ታዲያ በእሱ ሳቅኩ፤ እንዲህ ያለው ስህተት እኔን አያገኘኝም ብዬም ተመጻደቅኩ።

ኮድቡር በሚባለው ሠፈር ከተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት የሆዳን ፎቶ ቤት አለ። ሆዳን ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚፈጥን ሴት ናት። ከተማው በሙሉ ግድግዳ በሚያቆምበት በዚያ ዘመን፣ እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን እሸጣለሁ ብላ ትልቅ ማተሚያ አስመጣች። ማተሚያውን የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ በተጻፈ የምስል ላይብረሪ ተጠቀምኩ። ላይብረሪ ስላችሁ መጽሐፍ የሚዋሱበት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ሰው ለፍቶ በጻፈው ፕሮግራም እንደ ራስ ሥራ የሚኮሩበት ዘዴ ነው። እዚያ ውስጥ፣ አንድ ምስል ሲቀመጥ በስንት ሬዞሉሽን፣ ማለትም ነጥቦቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንዲታተሙ እንደታዘዘ ሲጠየቅ የሚናገር፣ ፈንክሽን የሚሉት ትንሽ ትእዛዝ አለ። ጠየቅኩት። አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አሥራ አንድ አለኝ። እንዴት ያለ ጥራት ነው ብዬ ደስ አለኝ። በኢንች ይሁን በምን፣ ማን ይጠይቃል?

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የሐጂ ዳሂር ሆነ። ሐጂ በእርስ በርሱ ጦርነት የፈረሰባቸውን ቤት እዚያው ቦታ ላይ፣ በድሮ መልኩ መልሰው ሠርተዋል። የድሮው ቤት አንድ ፎቶ ብቻ ተርፎ ነበር፤ በስደት ዘመናቸው ሁሉ ከልብስ ጋር ጠቅልለው ይዘውት ዞረዋል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዘጠኝ ልጆቻቸው ከየአገሩ መጥተው ስለሚሰበሰቡ፣ ፎቶው አንድ ሜትር ሆኖ ሳሎን እንዲሰቀል አዘዙ። ሆዳን «ኢንሻአላህ ከሶላት በፊት ይደርሳል» ብላ ቃል ሰጠች። ሐጂ በእንግዶቻቸው ፊት ካፈሩ ሠፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ አዲሱ ፎቶ ቤትም በዚያው ይዘጋል።

ዓርብ ጠዋት ማተሚያው ሲያጓራ ቆይቶ አንድ ሜትር ወረቀት ተፋ። ወረቀቱ ነጭ ነው። መሐሉ ላይ ዝንብ ያረፈ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቤት ነው፤ በሩም መስኮቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ግን ቴምብር ያክላል። ሆዳን ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «ያ ረቢ፣ ወንድሜ፣ ይሄን ቤት ያዘዘው ጉንዳን ነው እንዴ?» አለችኝ።

መመሪያውን መግለጥ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለካ ላይብረሪው የነገረኝ በአንድ ሜትር ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ነው፤ እኔ ደግሞ በኢንች ወስጄዋለሁ። ስለዚህ የሐጂ ሜትር ኢንች ሆኖ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ላቤን እየጠረግኩ የሜትሩን ቁጥር ወደ ኢንች የምትመልስ አንዲት ማካፈያ መስመር ጨመርኩና እንደገና ማተም ጀመርን። ትልቁ ቤት ገና ጣሪያው ብቅ ሲል ሐጂ ራሳቸው ገቡ።

ሆዳን ትንሿን በመዳፏ ልትሸፍን ብትሞክርም ቀደሟት። መነጽራቸውን አድርገው አዩ። እኔ በሐሳቤ ወደ አገሬ ልሸሽ የጅጅጋን መኪና ተሳፍሬያለሁ። ኋላ ሐጂ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ትልቁ ደህና ነው፣ ግን እኔ ቤቱ ውስጥ እየኖርኩ ፎቶው ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ እነዚያ ልጆች ናቸው ነገ ተመልሰው የሚሄዱት፤ ይቺን ትንሿን ግን በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ አሉ። በሉ ለዘጠኙም አውጡልኝ ብለው ተቀመጡ። እኔም ትልቁ እንዳለቀ፣ አሁን ያቀናሁትን ፕሮግራም መልሼ አጣመምኩት። እንደዚያን ቀን በደስታ ተሳስቼ አላውቅም።

ዘጠኙም ተቆርጠው በፖስታ ገቡ። ሐጂ አንዷን ለብርሃን ከፍ አድርገው አዩና፣ ሁሉም ባለሙያ ማተለቅ ነው የሚያውቀው፣ ይህን ያህል አሳንሶ አጥርቶ ለማውጣት ስንት ዓመት ተማርክ ልጄ? አሉኝ። ሆዳን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ኧረ ሐጂ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የተማርኩት አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ሐጂ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ማሻአላህ፣ ትሕትናውስ» አሉ።