ስክሪኑ እምቢ ያለ እሁድ

ቆዩ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ። እየሳቅኩ ካወራሁት ይበላሽብኛል። ደግሞ ዋናው የሚያስቀው ገና ነው፤ ወደ መጨረሻው ነው ያለው፤ እዚያ ስንደርስ አብረን እንስቃለን። እስከዚያው ቁም ነገር ላውራ። አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ የሰው ጠባይ አብሮ ይገባል። ፍሪጅ የተገዛ ዕለት በረዶ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ የፍሪጅ ሐኪም ይሆናል። ዲሽ የተሰቀለ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ጣራ ላይ ነው። ኮምፒውተር ሲገባስ? እሱንማ ተዉት። እኔ ራሴ፣ ከቅቤ ሚዛን በቀር ማሽን ነክቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ ሐሳብ ሰጥቻለሁ።

ያውም ኮምፒውተሩ እንደ ወጉ ሙሉ ሆኖ አልመጣም። ሌንሳ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ እኔው ቤት ነው የምትኖረው። የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመዘምራን ፖስተር ትሠራለች። በሰው ኮምፒውተር ሠርታ ሠርታ ሲሰለቻት የራሴን ላቁም ብላ ተነሣች። ያለቀለትን ለምን አትገዢም ብላት፣ አይ አዳዳ፣ ራሴ የገጣጠምኩት ይበልጣል አለችኝ። አዳዳ የምትለኝ የአባቷ እህት ስለሆንኩ ነው። ዕቃውም እንደ ለቅሶ እንግዳ በየተራ ይመጣ ጀመር፤ አንዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ አንዱ በመንገደኛ ሻንጣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ሳጥኑ ነበር፤ ሆዱ ባዶ እንደሆነ ሳሎኔ ውስጥ ሰነበተ። እኔም ዳንቴል አለበስኩት። እኔ ቤት ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም።

ችግሩ ዕቃው አልነበረም፤ ችግሩ ወንድሜ ዋቅቶላ ነው። ዋቅቶላ ቆላ፣ አንገር ጉቲን፣ እህል ይነግዳል፤ እዚያው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሲስቅ ያየው ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም። ልጁ ወረቀት ላይ አበባ እየሳለች እንጀራ ትበላለች የሚለው ነገር አልዋጥ ብሎታል። እሱ የሚፈልገው ቆላ ወርዳ መጋዘኑን እንድትይዝለት፣ በቆሎ እንድታስመዝንለት ነው። እሱ ጮኸ፣ እኔ ጮኽኩ፣ ስልኩ ጋለ፤ በመጨረሻ ተስማማን። ለጉዳይ ነቀምቴ ሲመጣ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሌንሳ ዓይኑ እያየ ትገጥመዋለች። ከበራ እዚሁ ትቀራለች። ካልበራ ሰኞ ማለዳ ሻንጣዋን ይዛ ከአባቷ ጋር አውቶቡስ ትሳፈራለች። ሌንሳ ምንም ሳታመነታ እሺ አለች። በኩራት በማን እንደወጣች መናገር የኔ ፋንታ አይደለም።

ቅዳሜ ማታ ዋቅቶላ መጣ። ሌንሳም ዕቃዎቹን ከየማሸጊያቸው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ፎቶ አነሣቻቸው። ከመሀላቸው ሁለት ቀጫጭን፣ ማስቲካ የሚያካክሉ ነገሮች ነበሩ፤ በአንድ ጎናቸው የወርቅ ጥርስ ተደርድሮባቸዋል። ራም ነው የሚባሉት፤ ኮምፒውተሩ የሚያስበውን የሚይዘው በነሱ ነው ብላ አስረዳችን። ዋቅቶላ ከሶፋው ሳይነሣ፣ ለማሰብ ይህን ሁሉ ኮተት የሚፈልግ ከሆነ ባያስብ ይሻለዋል አለ። እኔም ነገር እንዳይነሣ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

እሁድ ከጸሎት ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ ሌንሳ እጅጌዋን ሰበሰበችና ገባችበት። ዋቅቶላ ፊት ለፊቷ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ተቀምጧል። ሁሉም ደህና ሄዶ ሄዶ ራሞቹ ላይ ስትደርስ ከእጇ ይንሸራተቱ ጀመር፤ አንዱን ሁለቴ ጣለችው። አልቦኛል መሰለኝ አለች። ልጅቷ ጨንቋታል ብዬ በመሀረቤ ግንባሯን ጠረግኩላት። ደረቅ ግንባር ነበር፤ ግን ማን ልብ ይላል?

ቁልፉን ተጫነችው። ማራገቢያው ዞረ። መብራቱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ሳሎኔን የሰርግ ድንኳን አስመሰለው። እኔም እልልታዬን ለቀቅኩት። እንግዲህ እልልታ ከአፍ ከወጣ ወዲያ ይመለሳል? አይመለስም። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሲግናል የለም የምትል ጽሑፍ ብልጭ አድርጎ ጭልም አለ።

እልልታዬን የሰሙት ጎረቤቶቻችን መምህር አድማሱና ባለቤታቸው እትዬ የሺ እየሮጡ መጡ። የሁለቱም ወላጆች ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እነሱ ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው። እትዬ የሺ አካም ጅርቱ ብላ ገብታ፣ ማን ታጨ ብላ ጠየቀች። የታጨ የለም፣ ኮምፒውተር ነው አልኳት። አዘነች።

መምህር አድማሱ ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምሩት፤ ያም ቢሆን አንዴ ዞር ዞር ብለው አዩትና ጥፋቱ የመብራት ኃይል ማነስ ነው ብለው ፈረዱ። ቤታቸው ሄደው የፍሪጃቸውን ስታብላይዘር ተሸክመው መጡ፤ እትዬ የሺ ፍሪጁ ሊቀልጥ ነው እያለች ከኋላቸው ተከተለች። ተሰካ። ጥቁር። ሌንሳ ግን አልተርበተበተችም። ገመዱን ቀየረች፤ ያው ጥቁር። ከዚያ ስክሪኑን ከሳጥኑ ነቅላ ከዲሹ ዕቃ ጋር አገናኘችው። ወዲያው አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ ስለ ዶሮ እርባታ ያስረዳ ጀመር። ስለዚህ ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ በሽታው ከሳጥኑ ነው አለች። ዋቅቶላ፣ ሰውዬው ጥሩ እየተናገረ ነው፣ እሱኑ ብንተወው ምን ይጎዳል አለ።

እትዬ የሺ ጠጋ አለችኝና ቤቷ ጠበል እንዳላት በጆሮዬ ነገረችኝ። በጆሮዬ ስል፣ ሰፈሩ ሰምቷል። ትንሽ ጠብ ቢደረግበት ምን ይለዋል ስትል ሌንሳ ተወርውራ ሳጥኑ ላይ ተኛችበት። ዋቅቶላም ከሶፋው ተነሣና በዚህ ቤት የሚጸለየው በቃል ነው፣ በዕቃ አይደለም አለ። ይህን ሲል አልገረመኝም። ከዓመታት በፊት በጉባኤው ፊት ቆሞ፣ ቤት ሲመረቅም ልጅ ሲመረቅም አናት ላይ ቅቤ መቀባት ይቅር፣ አማኝ የሚመርቀው በአፉ ነው ብሎ ያስተማረ ሰው ነው። እኔ እህቱ ቅቤ ነጋዴ መሆኔን ያኔ ማን ያስታውሰው?

ሌንሳ ስክሪኑን መልሳ ከሳጥኑ ጋር አገናኘችና እንደገና አበራችው። ይሞቅ እስቲ ብለን ጠበቅን። ሲሞቅ ጊዜ አንድ ሽታ መጣ። የሚቃጠል ነገር ሽታ ቢሆን ደግ ነበር። የቅቤ ሽታ ነው። ያውም የለጋ ቅቤ።

አራት ሰው አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ምን ታዩኛላችሁ አልኳቸው። እኔ ቅቤ እሸጣለሁ እንጂ ለማሽን አላጎርስም። ሌንሳ መብራቱን ነቀለች፣ ሁለቱን ራሞች አወጣች፣ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፣ ጣቷን አሸተተች። የወርቅ ጥርሶቹ እንደ ሙሽራ ፀጉር ያብለጨልጫሉ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"አዳዳ፣ አንቺ እንዲህ ታደርጊኛለሽ?" አለች።

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ አልሳቅኩም። ለዚች ልጅ ብዬ ከወንድሜ ጋር ተኮራርፌ የከረምኩት እኔ፣ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ቆላ የምሸኛት እኔ ሆንኩ ማለት ነው? በእናቴ አጥንት ማልኩ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠረጴዛሽ አጠገብ አልደረስኩም አልኳት። መሐላዬን ሰማች እንጂ አላመነችም። መምህር አድማሱ ቅቤ ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ ለማስረዳት ይህን ሰዓት መረጡ። ስለ ሁሉም ነገር የሚለው የማያጣው ወንድሜ ኮርኒሱን ይቆጥራል። መርታቱን አውቆ ለኔ ሲያዝንልኝ ነው ብዬ ይብስ ተናደድኩ።

ሌንሳ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ራሞቹን በአልኮል አጠበች። ቀጥላ ላጲስ ጠየቀች። መምህር አድማሱ ከኮት ኪሳቸው አወጡላት፤ ለእውነተኛ ጥቅም የዋለ ሐሳባቸው ይኸው ነው። በላጲሱ የወርቅ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ፈገፈገች። የሚገቡበትንም ስንጥቅ ባዲስ የጥርስ ብሩሽ አልኮል እያስነካች አጸዳች፤ እስኪደርቅ ጠበቀች። መልሳ ስትጫናቸው ግራና ቀኝ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። ቅድም ይህን ድምፅ አልሰማሁም ነበር።

ቁልፉን ተጫነች። እኔ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እልልታዬን አላምነውማ። ማራገቢያው ዞረ፤ መብራቱ በራ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ነጫጭ ፊደል ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ሌንሳ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልተለየም። እትዬ የሺ ለሁላችንም የሚበቃ እልልታ አቀለጠችው።

እኔ ግን ስሜ ጠፍቷል። በሩ ላይ ቆምኩና ማሽኑን ቅቤ ያበላው ሳይታወቅ ማንም አይወጣም አልኩ። እትዬ የሺ ጾም ላይ ነኝ፣ ቅቤ በሰፈሬም አያልፍ አለች። መምህር ኪሳቸውን ሊያስፈትሹ ነበር። ያኔ ዋቅቶላ ጉሮሮውን ጠረገ።

እንግዲህ የነገርኳችሁ ቦታ ይህ ነው። ለካ ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ተነሥቶ ወደ ሳሎን ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን የልጁን ዕቃ አይቶ በአፉ መረቀ። አልበቃው አለ። አባታችን በሬ ሲገዛም ጎጆ ሲያቆምም ቅቤ ሳይቀባ አያድርም ነበር፤ እሱ ትዝ አለው። ከኔ የቅቤ ቅል በጣቱ ጨለፍ አደረገ። ምርቃት ደግሞ አናት ላይ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ብረታ ብረት የቱ አናት እንደሆነ ግን ማን ይንገረው? ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ሁለቱን ወርቅ የለበሱትን አገኘ። አለቆቹ እነዚህ ናቸው አለ። እንዳይቀያየሙ ሁለቱንም እኩል አሸላቸው፤ ከፊትም ከኋላም።

እኔ ሶፋው ላይ ወድቄ ሆዴን ይዤ ስንከባለል እትዬ የሺ ውሃ ልታጠጣኝ ሮጠች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በቅሌ፣ በቅቤዬ! ሌንሳ ግን አልሳቀችም። ከመሬት ተነሥታ አባቷ ፊት ቆመች። አባ፣ እንዳይበራ አልነበር የምትፈልገው፣ እኔን ይዘህ ልትሄድ አልነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

ዋቅቶላ ባርኔጣውን አነሣ፤ አደረገው፤ መልሶ አወለቀው። እንግዶቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ሳሎን ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለ ይመስል፣ እንዲህ አላት፦

"ብረቱን ማን መረቀው? የመረቅኩት አንቺን ነው። ቅቤውን አናትሽ ላይ እንዳላደርገው፣ ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ስትቀመጪ ጉባኤው ሁሉ ይሸተው ነበር።"