የልጄን ጌም ላጣራ ገብቼ ጢቾ ላይ በር አሰበርኩ

እናንተዬ፣ ዛሬ ጠዋት ጤነኛ ልጄን በቁሟ ሰው አስለቅሼባት ገና አሁን ቤቴ መግባቴ ነው።

አትደንግጡ፤ ደህና ናት። ውሃ እንኳ ቀድታለች።

ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ አሰላ ውስጥ በማሽን የተማሪ ሹራብ የምሠራ ሴት ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በስልክ አማርኛ መጻፍ ያስተማረችኝ ልጄ ሜሮን ናት። የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን እኔም አልደፈርኩት፣ እሱም አልደፈረኝ፤ ተከባብረን እንኖራለን።

ሜሮን አስተማሪ ሆና ጢቾ ተመድባለች። ቤት ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሌላ ልጅ የለኝም።

እንግዲህ ፍርሃቴን ከዚህ ጀምራችሁ አስቡት።

ከሥራ ከወጣች በኋላ ስልክ አታነሳም። እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አታነሳም። ደግሜ እደውላለሁ፣ አታነሳም። በኋላ ራሷ ትደውልና "እማዬ፣ ጌም ላይ ነበርኩ" ትለኛለች ረጋ ብላ። በዚያ መሀል እኔ ሦስቴ ቀብሬያታለሁ።

ምን ዓይነት ጌም? ኦንላይን ነው። ሰው ሁሉ አንድ የሌለ አገር ውስጥ ይገባል። እዛ ጫካ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ አስማት አለ። የሚገቡት ሰዎች ተሰባስበው ጊልድ የሚባል ነገር ያቋቁማሉ፤ አብረው ይዘምታሉ፣ አንዱ ሲቸገር ሌላው ይደርሳል፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል።

እድር በሉኛ!

ጌሙ ደግሞ አሮጌ ነው። ሜሮን ገና ሀ ሁ ስትቆጥር የወጣ ነው አሉ። አዲሶቹን ለምን አትጫወቺም ስላት፣ አዲሶቹን ላፕቶፗም አይችላቸውም የጢቾ ኔትወርክም አይችላቸውም አለችኝ።

እኔም ሰው እድር ሲገባ እንደሚጠይቀው ጠየቅኩ። ስንት ሰው አላችሁ? ብዙው ወጥቷል፣ የቀረነው የቀረነው ነን አለች። የወጡትስ ለምን ወጡ? አንዳንዱ አገባ፣ አንዳንዱ ሰለቸው። ፀብ ሲነሳ ማን ይዳኛል? መሪ አለን፣ ድንክ ነው አለች።

ድንክ።

አልጣመኝም። ደግሞም አስቡት፤ ሰው እየወጣበት ያለ አሮጌ እድር ውስጥ አሁን የሚገባ ሰው፣ ሁሉንም ቀብሮ ሲጨርስ ለራሱ ቀባሪ ያጣል። ይህን ለጎረቤቴ ሳወራት በሐሳቤ በጣም ተስማማች። የማወራው ስለ ጌም መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

ባለፈው ሳምንት ክፉኛ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሜሮን ደክሟት መሰለኝ፣ "ግቢና በዓይንሽ እዪው። አይተሽ አይረባም ካልሽኝ እተወዋለሁ" አለችኝ።

ልጄ ቃል ከገባች ገባች ነው። አውቃታለሁ።

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ጌሙ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ልንገናኝ ተቀጣጠርን። እኔ "አይረባም" የምትለዋን ቃል አዘጋጅቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ደረስኩ።

ሁለት ሰዓት ቀድሜ! የፈራ ሰው ቀጠሮ አያከብርም፤ ይቀድመዋል።

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ጫልቱ ጎበዝ ልጅ ናት። ጌሙን ከትናንት ጀምራ ጭናልኛለች። ቤቱ ፎርም በሚያስሞሉና ኮፒ በሚያስነሱ ሰዎች ጢም ብሏል። እኔን ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ጥግ ይባል እንጂ ከሰልፉ ፊት ለፊት ነው።

መጀመሪያ ሰውነት ምረጪ ተባልኩ። ቀንድ ያለው አለ። ጆሮው የሾለ አለ። አሮጊት ግን የለም! እዛ አገር ሴት ሁሉ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ሁሏም እምብርቷን ገልጣ ነው የምትዞረው። ሹራብ ሠሪ ነኝና አላስቻለኝም። ጫልቱ ፈላልጋ አንድ ግራጫ ካባ ደረበችልኝ።

ገባሁ።

ድልድይ ላይ አንድ ጦር የያዘ ሰውዬ ቆሟል። ሰላም ሳልለው እንዴት ልለፍ? ጫልቱን ጻፊልኝ አልኳት፣ ጻፈችልኝ። ዝም። ደግመን ሰላም አልነው። ዝም። ሰላምታ ነስቶኝ ቀጥ ብሎ ያየኛል።

ከኋላዬ የተሰለፉት ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩና፣ "የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናላ፣ አዴ ወርቄ። ነገ ተመለሺ ይልሻል" አሉኝ።

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ገና ይሳቅ ነበር።

ሰውዬው ለካ ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያቆመው ነው። ታዲያ እውነተኛውን ሰው በምን ልለየው ብዬ ጫልቱን ጠየቅኳት።

"ሰው ከሆነ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይዘላል" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ ያለ ምንም ምክንያት ይዘላል። ሲያወራ ይዘላል፣ ሰው ሲጠብቅ ይዘላል። በሕይወት ያለ ሰው ይዘላል ማለት ነው። ገባኝ።

ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜሮን በነገረችኝ ምልክት ወንዙን አገኘነው። እሷም እዛው አለች። ፀጉሯ ብር የሚመስል፣ ቀስት ያዘለች ረጅም ልጅ ሆናለች። ስሟን አናቷ ላይ ጫልቱ አነበበችልኝ። አጠገቧ ጢሙ ጉልበቱ የደረሰ ድንክ ላይ ታች ይዘላል።

እሷ አትዘልም።

"እናትሽ ነኝ፣ መጣሁ በይልኝ" አልኳት ጫልቱን። ጻፈች። መልስ የለም። ይሄኔ ከሰልፉ አንዱ ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ተቀርቅሮበት ጫልቱን ጠራት። ሄደች። ከስክሪኑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

እያየኋት ልጄ ቀስ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ሦስቴ ደወልኩ። ስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ይመጣል፤ ድንኩ ነው የሚጽፈው። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ምን ይበል ምን በምን ልወቀው? እሱ ይዘላል፣ ይጽፋል። እሷ እንደደፋች ናት።

የሜሮን አከራይ እማማ ዘነበች ይባላሉ፤ ቁጥራቸው አለኝ። ደወልኩላቸው።

"ልጄ አትንቀሳቀስም! አንገቷን ደፍታለች!" አልኳቸው።

"አንቺ አሰላ ሆነሽ እንዴት አየሻት?"

"እዚሁ ፊቴ ቆማ ነዋ!"

መልሴ እኚህን ሴት ለምን እንዳላረጋጋቸው አሁን ይገባኛል።

ስልኩን እንደያዙ ሄደው የሜሮንን በር አንኳኩ። መልስ የለም። ውስጥ ሙዚቃ ይሰማል አሉኝ፤ የጌሙ ሙዚቃ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ቅድም እኔ ስደውል ደግሞ ስልኳ እዛው ውስጥ ሲጠራ ሰምተዋል። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ ከውጭ አይለይም።

እማማ ዘነበች ጮኹ።

የጢቾ ሰው ጩኸት ሲሰማ ጫማ ላድርግ አይልም። ቅዳሜ ነው፣ ሰው ቤቱ ነው። ባንድ ጊዜ ግቢው ሞላ። በሩን ገነጠሉት። ሬሳ ሳያዩ ደረት መምታት የጀመሩም ነበሩ። ስልኩ አልተዘጋም፤ ሁሉንም እሰማለሁ።

ከዛ እማማ ዘነበች ከውስጥ፣ "ልጅቷ የለችም። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አንዲት ሴት ከአንድ ጢማም ጋር ቆማለች" አሉ።

እዚህ ጋ እኔ ተቀምጬ አልቀረሁም። ወለሉ ላይ ነኝ። አንዷ ውሃ ትረጨኛለች። ኦቦ ገመዳ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ የማላውቀው ጎልማሳ "እግዜር ያጽናሽ" ብሎኛል። አሜን ብያለሁ።

አሜን አልኩ እኮ!

ይሄኔ ጢቾ ላይ ሜሮን ከቦኖ ውሃ ቀድታ ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ፣ ከትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ጋር መንገድ ላይ ተገናኝተው እያወሩ ግቢው በር ደረሱ። ሰዉን አየች። ጀሪካኗን አስቀመጠች።

"ማን ነው የሞተው?" ስትል ሰማኋት።

"አንቺ" አሏት።

ሳቁ፤ አልቀየማችሁም። የእኔ ሳቅ ግን እዚህ ላይ አለቀ። ምክንያቱም ጫልቱ ተመልሳ ስክሪኑን ስታነብ ቆየችና፣ ሳታስበው መሰለኝ፣ ጮክ አድርጋ አነበበችው። ድንኩ የጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን እንጂ አማርኛ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ እማማ። አይዞዎት፣ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች። ሰልፉ ስለሚረዝም ትቆያለች። እስክትመለስ እኔ አለሁላት።"

ይህን የጻፈው እኔ አከራይዋ ጋ ሳልደውል ነው። እማማ ዘነበች ሳይጮኹ፣ በሩ ሳይገነጠል። ዓይኔ ሥር ተጽፎ ተቀምጧል።

ድንኩ ለካ ሐዋሳ የምትኖር አዋላጅ ነርስ ናት። ጢሙ የራሷ ምርጫ ነው። ከጌሙ ከወጡ በጢቾ ኔትወርክ ተመልሶ መግባት መከራ ስለሆነ፣ ሜሮን ክፍቱን ትታው ትሄዳለች፤ ሰው ሳይነካው የቆየ ምስል ደግሞ ራሱ አንገቱን ይደፋል፤ ነርሷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቧ ሆና አውሬ ትከላከልላታለች። እንዲህ ሲያደርጉ ዓመት አልፏቸዋል።

ልጄ መቼ ውሃ እንደምትቀዳ ጢማሟ ሴትዮ ታውቃለች። የወለድኳት እኔ አላውቅም።

ሜሮን ስልኩን ከእማማ ዘነበች ተቀበለች። ስድብ ጠብቄ ነበር። የሰውን ጫጫታ አልፋ ወደ ጓሮ ስትሄድ ይሰማኛል።

"እማዬ፣ ጌሙን አየሽው?"

"አየሁት።"

"ታዲያ?"

ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን ወደ እኔ ጥሏል። ኮፒ ማሽኑ እንኳ ቆሟል።

"ቅዳሜ ውሃ እንደምትቀጂ አልነገርሽኝም" አልኳት።

"አልጠየቅሽኝማ። አንቺ የምትጠይቂኝ በሩን ቆልፈሻል ወይ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የምቆልፈው የለኝም።"

ያቺ አዘጋጅቼ የመጣሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ብላት ልጄ ዛሬውኑ ጌሙን ትዘጋዋለች። ከዛስ? ጢቾ ላይ ከሥራ ወጥታ ብቻዋን ቁጭ ስትል ማን ያጫውታታል? እኔ ነኝ? እኔማ ቆልፈሻል ወይ ነው የምላት።

"ይረባል" አልኳት።

ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ግን ብያለሁ። ምስክሮች አሉኝ።

"እንግዲያው እንዳትወጪ" አለችኝ። እኔም አልወጣሁም። በሩን አናጢ እስኪሠራላት ድረስ ከነርሷ ጋር ወንዝ ዳር ቆየን። ዳይሬክተሩ ለአናጢው ሚስማር ሲያቀብል ነበር አሉ። ሰኞ ተማሪዎቿ ምን እንደሚሏት አላስብም። እኔ ጊልዱ ገብቻለሁ። መዝለልም ተምሬያለሁ።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው።

ከሰዓት ላይ፣ ገና ጫልቱ ቤት እያለሁ፣ ሜሮን ደወለችልኝ። ራሷ ደወለች! ስለ ሰልፉ፣ ስለ ተማሪዎቿ፣ ጠይቄያት ስለማላውቀው ነገር ሁሉ ታወራኛለች። እኔ ግን ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። ነርሷ ተረኛ ሆና ወጥታለች። ብር ፀጉሯ ልጅ ብቻዋን አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ከጫካው በኩል የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።

"ሜሮን፣ ስልኩን ዝጊና ቶሎ ግቢ" አልኳት።

ስልክ ዝጊ! እኔ ነኝ ያልኩት።

እስኪ እናንተ ፍረዱኝ፤ መግባቴ በጀኝ ወይስ በአንድ አገር የነበረውን ፍርሃቴን ሁለት አገር አደረስኩት?