የበሬ ፊኛና የሚካኤል ጠላ

ትምህርት የሚጠላ ይጥላ፤ እኔ አልጠላሁም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬ፣ ስሜን በሰሌዳ ላይ ጽፌ የተጨበጨበልኝ ሴት ነኝ። የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይሄ ሳይንስ የሚሉት ነገር ያን ያህል ትልቅ ከሆነ፣ ጨረቃ ላይ ሰው ካወጣ፣ ስለምን የራሱ ዕቃ የለውም? ስለምን ሁልጊዜ የሰው ጓዳ ገብቶ ወንፊት ያነሳል? የእግዜር እንግዳ እንኳ ከደጅ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል እኮ!

ነገሩ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ልጄ ትርንጎ እዚሁ ወረታ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። የሳይንስ መምህሯ፣ ፂሙ ገና ያልጠና ጎረምሳ፣ ተማሪዎቹን ሰብስቦ "የሳይንስ ኤግዚቢሽን ልናሳይ ነው፤ ሁላችሁም ከአካባቢያችሁ በሚገኝ ቁሳቁስ አንድ ነገር ሠርታችሁ ኑ፤ ከወረዳ ጓዶች መጥተው ያያሉ" አላቸው። ከአካባቢያችሁ! እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የመምህሩ አካባቢ ምን አለው? አንዲት የኪራይ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ፋኖስ። አካባቢ ያለን እኛ እናቶች ነን። ያን ሰሞን በሰፈራችን ያልጠፋ ዕቃ የለም። ጎረቤቴ መስታወቷ ግማሹ ተሰብሮ ተወሰደባት፤ ባሏ ደግሞ የራዲዮኑን ባትሪ ድንጋይ አጥቶ ዜና ሳይሰማ ሰነበተ። ያ እንኳ አልጎዳውም።

የእኔ ግን ይለያል። ያን ወር የቁሐር ሚካኤል ጽዋ ተራው የእኔ ነበር። መቼም ማኅበር የጠጣ ያውቀዋል፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ሲዞር ኖሮ ተራው ሲደርስሽ፣ ዳቦው ቢያንስ ይታለፋል፣ ወጡ ጨው ቢበዛው ይታለፋል፣ ጠላው ቢቀጥን ግን አይታለፍም። አንዲት የማኅበራችን ሴት አንድ ጊዜ ውኃ የበዛበት ጠላ አቀረበች። ይኸው እስከ ዛሬ "ቅራሪ" እየተባለች ትኖራለች፤ የክርስትና ስሟን የሚያስታውስ የለም። የክረምቱ ውኃ ደግሞ ከፎገራ ሜዳችን ሸሽቷል፤ መንገዱ ደርቋል፤ እንግዲህ ማኅበርተኛው አንድ ሳይቀር ሊመጣ ነው። ባለቤቴ ጉልበቱን አሞት ዋንዛዬ ፍል ውኃ ገብቷልና ጣጣው ሁሉ በእኔ ራስ ላይ ነው። ጌሾውን ወቅጬ፣ ጋኑን በወይራ አጥኜ፣ ደፍድፌ፣ አፉን በጭቃ ግጥም አድርጌ መረግሁት። ዋዜማው ላይ ይደርስልኛል ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አንድ ጧት ጓዳ ብገባ፣ እናንተ! ከመረግሁት ጭቃ መሀል ሸምበቆ ተሰክቷል። ከሸምበቆው ጫፍ ደግሞ የበሬ ፊኛ ታስሮ፣ ተነፍቶ፣ የሹም ሆድ አክሎ ተቀምጧል። በኅዳር ሚካኤል የታረደው በሬ ፊኛ ነው፤ ልጆቹ አድርቀው ኳስ ሲያደርጉት አይቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ያለነው ግን ታኅሣሥ ነው፤ ጾመ ነቢያት! ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ ከጾም ዕቃ ጋር በማይገናኝበት ወር፣ የበሬ ሥጋ ከሚካኤል ጠላ ላይ!

ምን ላድርግ? ጮህሁና ልነቅለው ፊኛውን በሁለት እጄ አንቄ ጨበጥሁት። ፍስስ ብሎ በውስጡ የነበረው ትንፋሽ ሁሉ በሸምበቆው ተመልሶ ጋኑ ውስጥ ገባ፤ ድፍድፉም ከውስጥ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ትርንጎ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ እሪ አለች። ለጠላው ያለቀሰች መሰላችሁ? "እምዬ፣ ሙከራዬን አበላሸሽብኝ!" ብላ ነው። ኧረ የማን ሙከራ ነው የተበላሸው? ከዚያ እንባዋን እየጠረገች አስተማረችኝ፤ ድፍድፉ ሲብላላ አየር ያወጣል አሉ፣ አየሩም ፊኛውን ይነፋዋል አሉ። ይሄን ለማወቅ ሳይንስ ያስፈልጋል? ጋን እንደሚተነፍስ የማታውቅ፣ አለቅጥ የታሸገ ጋን ፈንድቶ ያላየች ሴት በፎገራ ካለች እስቲ ትቅረብ!

ነጠላዬን አንጠልጥዬ ወደ ማኅበራችን ቄስ ሮጥሁ። ቄስ አድማሱ ነገር ሳያመዛዝኑ የማይፈርዱ ሰው ናቸው። መጥተው ጋኑን ዞሩት፣ ሸምበቆውን አዩት፣ ከዚያ ልጅቱን ጠየቋት። እሷም ሳትፈራ፣ አየሩ ከጋኑ ወደ ፊኛው ብቻ እንደሚሄድ፣ ከፊኛው ወደ ጋኑ እንደማይሄድ አስረዳቻቸው። የቄሱ ፊት ፈካ። እንዲህ ከሆነማ ሥጋው ጠላውን አልነካውም ሊሉ ነው፤ እኔም እፎይ ልል ነው። ይቺ እሳት የላሰች ልጅ ግን አልጨረሰችም፤ "እምዬ ጨምቃ ካልመለሰችው በቀር" ብላ ጨመረችበት።

ቄሱ ዞረው አዩኝ። "ጨመቅሽው?" አሉኝ። ደንግጬ ነው አባቴ አልሁ። "የወጣው ባልከፋ፤ የተመለሰው ነው ጣጣው። ለጾመኛ አይሰጥም ልጄ" አሉና አማትበው ሄዱ። ለገና እንዳላቆየው እስከዚያ ኮምጣጤ ይሆናል። ከጎረቤት እንዳልበደር በጾም ጠላ ጠምቆ የሚጠብቀኝ ማን አለ? አዲስ እንዳልደፈድፍ በምን ጊዜዬ? በቃ፣ ሚካኤልን የሚያህል ጌታ በቤቴ ውኃ ሊጠጣ ነው። እኔም ከነልጅ ልጄ ስም ሊወጣልኝ ነው። እህል አልበላ አለኝ።

ይባስ ብሎ መምህሩ መጣ። ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ እቴ! "እናቴ፣ ጠላው ለማኅበር ካልሆነ ለሳይንስ ይዋል" አይለኝ መሰላችሁ! ወዲያው ተማሪዎቹ ጋኑን ከነሸምበቆው በቃሬዛ አንስተው እንደ በሽተኛ ይዘውት ሄዱ። እኔም እያለቀስሁ ተከተልሁ።

ኤግዚቢሽኑ የሚካኤል ዋዜማ ዕለት ነበር። አንዱ ልጅ በጨው ውኃ ላይ እንቁላል አንሳፍፏል፤ ጨዉ የማን እንደሆነ እናቱ ታውቃለች። ከወረዳ የመጣው ጓድ ከፊት ተቀምጧል። ጾም የጨቋኞች ፈጠራ ነው፣ ንቁ፣ እያለ በየስብሰባው ሲያደርቀን የከረመው እሱው ነው። ትርንጎ ፊኛው እንዴት እንደሚነፋ አሳይታ ስትጨርስ ጓዱ አጨበጨበና "ሳይንስ የሚረጋገጠው በተግባር ነው" ብሎ ጣሳ አስመጣ። ቀድቶ አረጋገጠ። ደግሞ አረጋገጠ። አብረውት የመጡትም እየተነሡ አረጋገጡ። ጠላው እስከ አተላው ድረስ ተረጋገጠ! እኔ ከጥግ ቆሜ አንጀቴ አረረ። ጌሾ ስወቅጥ እጄ የተላጠው ለዚህ ነው?

ሲበቃው ጓዱ አፉን ጠረገና ትርንጎን "ጎበዝ! ይሄን ፊኛ ደግሞ ከየት ገዛሽው?" አላት። አልገዛሁትም፣ በኅዳር ሚካኤል የታረደው በሬ ፊኛ ነው አለችው። ጣሳው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቃት፤ በኋላ ምን አለሽ ብላት "ጠላውን ነክቶታል ወይ?" ነው ያላት። ውሸት አላስተማርኋትምና "አዎ፣ እምዬ ጨምቃው" ብላዋለች።

ለካስ ጾመኛ ነው! እኛን አትጹሙ ሲል የከረመው ሰውዬ፣ በቤቱ እሁድም ቅዳሜም ሽሮ ነው የሚበላው! ምነው ታዲያ እኛን እንዲያ አደረቀን?

በማግስቱ ማኅበርተኛው ከመድረሱ በፊት፣ እኔ ጽዋውን አጥቤ ባዶውን እያየሁ ስቀመጥ፣ በጓሮ በር የጓዱ ሚስት ሰው አሸክማ ገባች። ጋን ሙሉ የጠራ ጠላ! ለኤግዚቢሽኑ እንግዶች ግብዣ ብላ በቤቷ የጠመቀችው ነው፤ እንግዶቹ በእኔ ጠላ ጠግበው ስለሄዱ ሳይነካ ተርፏል። ባሏ ማታውኑ ከቄስ አድማሱ እግር ወድቆ ኖሮ፣ ቄሱም "የሚካኤልን ጠጥተሃልና ለሚካኤል ተካ" ብለው ፈርደውበታል። "አደራሽን፣ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ እንጀራችን ነው" አለችኝና በመጣችበት በር ወጣች። እኔም ባሏ ወረታን ለቆ እስኪሄድ ድረስ አፌን ይዤ ኖርሁ፤ ለማኅበርተኛው ግን ዛሬም አልነገርሁም።

ማኅበሩ ጠጣ። አወይ ሲጠጡ! ያን ሁሉ ዓመት ስጠምቅላቸው ከ"እግዜር ይስጥሽ" ያላለፉ ሽማግሌዎች ጽዋውን እየደጋገሙ "ዛሬስ እጅሽን ይባርከው!" አሉኝ። መረቁኝ፣ ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። ይኸው ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፤ አሁንም ተራዬ በደረሰ ቁጥር ጌሾ ወቅጬ፣ ጋን አጥኜ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ጠምቄ ሳቀርብላቸው፣ ቀመስ ያደርጉና እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ አንዱ ጢሙን እየጠረገ "መልካም ነው፤ ግን የዚያን ዓመቱን አያህልም" ይለኛል።